ለመቅደላ የሚያለቅስ፣ ለቆራሌው የሚሸጥ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ ከቅያስ ቅያስ እየተሻገረ ይመጣል። አንድ የግቢ በር ይከፈታል። መጀመሪያ የተሰነጠቀ ባልዲ ይወጣል፣ ቀጥሎ የተበላሸ ምድጃ፣ ቀጥሎ ባዶ ጠርሙሶች። መጨረሻ ላይ ከአልጋ ሥር የተጎተተች አቧራ የጠገበች ካርቶን ትመጣለች። ውስጧ የሟቹ የቤቱ አባት ዕድሜ አለ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መታወቂያ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት፣ አንድ የደበዘዘ ሜዳሊያ፣ አራት ሸክላ፣ በላስቲክ የታሰሩ ደብዳቤዎችና ወደ አርባ የሚጠጉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። ቆራሌው ሜዳሊያውን በእጁ መዘን መዘን ያደርገዋል፤ ብረት ነው፣ ይወሰዳል። ሸክላዎቹን ገለበጥ አድርጎ ያያል፤ ፈላጊ እንዳላቸው ሰምቷል፣ ይወሰዳሉ። ደብዳቤዎቹ ከአሮጌ ደብተር ጋር በኪሎ ይገባሉ። ፎቶዎቹን ግን አይፈልጋቸውም። እነሱ በማግስቱ ከጓሮ ቅጠል ጋር አብረው ይቃጠላሉ።

ይህ ትዕይንት የአንድ ቤት አይደለም። ሰው በሞተ፣ ቤት በፈረሰ፣ ልጆች ውርስ በተካፈሉ ቁጥር የሚደገም ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የዚያው ቤት ልጅ ማታ ስልኩን ከፍቶ «ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶቻችን ይመለሱልን» የሚል ጽሑፍ ያጋራል። አስመሳይ ሆኖ አይደለም፤ ከልቡ ነው የሚያጋራው። ለንደን ያለው የሌላ ሰው አያት ዕቃ ያንገበግበዋል፣ ጠዋት በገዛ እጁ ያስረከበው የአባቱ ካርቶን ግን ቅርስ መሆኑ ለአፍታም አልታየውም።

በዚህ መሀል አንድ የሚናቅ ሰው አለ። ሰብሳቢው። አሮጌ ሳንቲም፣ የብር ኖት፣ ቴምብር፣ ባጅ፣ ሸክላ፣ የሎተሪ ትኬት፣ የድሮ ፎቶ የሚያጠራቅመው። ሚስቱ «ቤቱን መጋዘን አደረገው» ትለዋለች፣ ጓደኞቹ «ሥራ ፈት»፣ ጎረቤቶቹ ደግሞ በልባቸው «አንድ የደበቀው ወርቅ ቢኖር ነው» ይላሉ። ስለ ታሪክ ቀንና ሌሊት በሚጮኽበት አገር፣ ታሪክን በእጁ ይዞ የተቀመጠው ሰው መሳቂያ ነው። ሰብሳቢነት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚባለው ነገር ግን ፍጹም ስሕተት ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ያለፈው ዘመን በሚፋቅበት አገር፣ ይህ የትርፍ ጊዜ ልማድ መዝገብ ቤቶች ያልሠሩትን ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ነገሩ ከመቅደላው ይጀመር።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሆነው ብዙ ጊዜ የሚተረከው በዘውዱና በታቦታቱ በኩል ነው። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ፣ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ጨረታ እንደተካሄደ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም አስቀድሞ የላከው የራሱ ሰው ጨረታው ላይ እንደገዛ ይታወቃል። ብዙም የማይወራው ግን ተራው ወታደርና መኮንኑ «ማስታወሻ» ብሎ በኪሱና በሻንጣው የከተተው ነው። መስቀል፣ ክታብ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የጨርቅ ቁራጭ። ራሳቸውን የሠዉት ንጉሥ ጠጉር እንኳ ተቆርጦ ተወስዷል። ያ ጠጉር፣ የዐፄ ቴዎድሮስን አስከሬን የሣለ አንድ ሠዓሊ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1959 ለለንደኑ የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ሰጥተውት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከጨረታ ወጥተው፣ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቷቸው ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተሰጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚህን ዕቃዎች ማስመለስ የተቻለው ለምንድን ነው? ጩኸቱ ረድቷል፣ ዲፕሎማሲውም ረድቷል። ግን ከሁሉ በፊት የረዳው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው አብሮት የቆየ ወሬ ወይም ወረቀት ነበር። ወታደሩ ሞተ፣ ልጁ ሞተ፣ የልጅ ልጁ ወረሰ፤ «ይህ ከአቢሲኒያ ነው፣ ከመቅደላ ነው» የሚለው ቃል ግን አልጠፋም። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ የንጉሡ ጠጉር ዛሬ የማንም ሰው ጠጉር ነበር።

ይህ ለዘራፊ የሚቀርብ ምስጋና አይደለም። ዝርፊያ ዝርፊያ ነው፣ የሙት ጠጉር ቆርጦ መውሰድም ነውር ነው። በ1860 የመጣው ዘራፊ ለጠላቱ ጠጉር ያደረገውን ያህል፣ የ2017ና የ2018 ባለቤት ለአባቱ ፎቶ አለማድረጉ ግን ሌላ ነውር ነው። በየአልበሙ ስንት ፎቶ አለ፣ ከጀርባው አንድ መስመር ያልተጻፈበት? «ይሄ ማነው?» ሲባል «እማዬ ነበረች የምታውቀው» የሚባልበት? እማዬ ስትሞት አርባ ሰዎች በአንድ ቀን አብረዋት ይሞታሉ።

የኢትዮጵያ ያለፈው ምዕት ዓመት ታሪክ በአንድ በኩል ሲታይ ግድግዳ የማጠብ ታሪክ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የምኒልክን ሐውልት አነሣ፤ ጣሊያን ሲወጣ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየሳሎኑ ወረደ። በግንቦት 1983 የሌኒን ሐውልት ከቆመበት ተገነደሰ፣ ቀይ ባንዲራውና የሊቀመንበሩ ፎቶም ተከተለው። ከ2010 በኋላ ደግሞ የሌሎች ፎቶዎች ተራ ደረሰ። ሥልጣን የያዘው ሁሉ የራሱን ሰቅሎ የፊተኛውን አውርዷል። ይሄ እንኳ በየትም አገር ያለ ነው። የዚህ አገር ልዩ የሆነው፣ ማውረዱ ከመንግሥት ቢሮ አልፎ በየሰው ቤት መግባቱ ነው። ሰው በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ሣጥኑ፣ ማንም ሳያዘው ያጥባል። ምክንያቱም ፎቶ ያስጠይቃል። ባጅ ያስጠይቃል። «ይሄን ለምን አስቀመጥከው?» የሚል ካድሬ መቼም አይጠፋም።

ፍርሃቱ ደግሞ ከምንም የመጣ አይደለም። በቀይ ሽብር ዘመን በአሰሳ ሌሊቶች «ዴሞክራሲያ» የተባለችው የኢሕአፓ ልሳን አንድ ቅጠል ቤት ውስጥ መገኘቷ ለሞት ያበቃ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ አቃጠለ። መጽሐፉን፣ ወረቀቱን፣ የልጁን ፎቶ ሳይቀር። በዚያን ጊዜ ያቃጠለ ሰው ሊወቀስ አይችልም። ነገር ግን ዛሬ መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሚገባ ሰው የሚያየው፣ ያላቃጠሉትን ነው። በ2002 የተከፈተው ያ ሙዚየም ግድግዳው የሞላው በፎቶ ነው። የመታወቂያ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ፣ ሠርግ ላይ የተነሡት። የልጃቸውን ፊት በመሶብ ሥር፣ በፍራሽ ውስጥ፣ በጸሎት መጽሐፍ መሀል ደብቀው ያኖሩ እናቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ ያ ግድግዳ ባዶ ስም ብቻ ነበር የሚኖረው። ማንም እነዚያን እናቶች «አሮጌ ለቃሚ» ብሎ አይጠራቸውም። ሥራቸው ግን ያው የሰብሳቢው ሥራ ነው፤ ሌላው የጣለውንና የፈራውን ማስቀመጥ።

የገዳዩም ወረቀት ቢሆን መቀመጥ አለበት። «የደርግን ባጅ የሚሰበስብ የደርግ ናፋቂ ነው» የሚለው የማኅበራዊ ሚዲያ ፍርድ ከአላዋቂነት የሚመጣ ነው። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው ከደርግ ከራሱ ፋይል ነበር። የግድያ ትእዛዝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከፈጀ ሙግት በኋላ። በ1983 ግንቦት «የገዳዮች ወረቀት ነው» ብሎ አንድ የተቆጣ ሰው እነዚያን መዛግብት በእሳት ቢለቃቸው ኖሮ፣ ለተከሳሾቹ ከጠበቃ ሁሉ የሚበልጥ ጠበቃ ይሆንላቸው ነበር። የሚጠሉትን ዘመን ማስታወሻ ማጥፋት ዘመኑን ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ነው። የኢሕአዴግ ዘመን ካላንደርና ቲሸርት፣ የምርጫ 97 በራሪ ወረቀት፣ የ2008 የሰልፍ መፈክር የተጻፈበት ካርቶን ዛሬ ማንም የማይፈልገው ቆሻሻ ይመስላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚል ሲነሣ ይፈለጋል። እንዲህ የሚልም መነሣቱ አይቀርም።

«ፖለቲካው ይቅር፣ የሳንቲም ሰብሳቢውስ ምን ይጠቅማል?» ይባል ይሆናል።

ሳንቲም ሰብሳቢ ጋ ቁጭ ብሎ ሻይ የጠጣ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው የናስ መልክ ያለው 25 ሳንቲም በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ ዳሩ ድፍን ክብ ነው፣ ሌላው ዳሩ እንደ አበባ የተከረከመ። ለምን? ክቡን 25 ሳንቲም ብር እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም የሚያሳልፉ ብልጦች ስለተነሡ ነው። መንግሥት ሳንቲሙን ሰብስቦ ዳሩን ከረከመው፤ ቀለም ቢቀባም ቅርጹ እንዲያሳብቅ። የወርቅ ቅብ የሚሸጥ ደላላ ትናንት የመጣ የሚመስለው ሰው ያቺን ሳንቲም በመዳፉ ይያዛት። ደግሞም ያ ሳንቲም ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት 1936 ነው፤ በኋላ የተመቱትም እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ድረስ ያንኑ 1936 እንደያዙ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው «የ1936 ነው» ብሎ በውድ አይታለልም።

የብር ኖቱም እንዲሁ ነው። ኖት በ1969 ተለወጠ፣ የንጉሡ ፊት ከገንዘቡ ወረደ። በ1990 ተለወጠ፣ ኤርትራ ናቅፋን ባወጣችበት ሰሞን፤ ወራት ሳያልፉ ጦርነቱ መጣ። በ2013 መስከረም ተለወጠ፣ 200 ብር ተጨመረ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ጦርነት መጣ። እነዚህን ኖቶች በአንድ አልበም ጎን ለጎን የደረደረ ሰው፣ ብዙ ተንታኝ በሦስት ሰዓት ቃለ መጠይቅ የማይናገረውን በአንድ ገጽ ይዟል። ቴምብርም ካነሡ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር በ1880ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ ታትሞ የመጣው በሰባት ዓይነት ዋጋ ነው፤ አራቱ ላይ ምኒልክ፣ ሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ። ከዓድዋ በፊት አንድ አፍሪካዊ መንግሥት «እኔም ደብዳቤ እልካለሁ፣ እኔም መንግሥት ነኝ» ያለበት ወረቀት ነው። የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።

ሸክላውም አለ። ዐምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ የሙዚቃ ማሳተሙን የመንግሥት ሞኖፖል ደፍሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ከመቶ በላይ ናቸው። ዘመኑ ተለወጠ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ዝም አለ፣ ሸክላ በካሴት ተተካ፣ ማጫወቻውም ከየቤቱ ጠፋ። ከዚያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ መጥቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ከ1990 ጀምሮ ሲያወጣ ዓለም ጉድ አለ። ዛሬ ኦሪጅናሉ ሸክላ አውሮፓና ጃፓን ባሉ ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ሸክላ ለስንት ዓመት የመጥበሻ ማስቀመጫ ነበር። «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደው» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ፈረንጁ ከማን እጅ ነው የወሰደው? ከቆራሌው።

ሰብሳቢዎችን መከላከል ማለት ግን ሁሉንም መከላከል አይደለም። ከመሀላቸው መወቀስ ያለባቸው አሉ፣ በደንብ መወቀስ።

አንደኛዎቹ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ዕቃ የሚገዙት ናቸው። በ1989 መጋቢት ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ከአንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እጅ ተገኝቶ ነው በ1991 የተመለሰው። ሌባው የሰረቀው ገዢ እንዳለው ስላወቀ ነው። ባለቤት ያለው፣ አገልግሎት ላይ ያለ፣ ሰው የሚሳለመው ነገር ማስታወሻ አይደለም፤ እሱን «ኮሌክሽን» ብሎ የሚጠራ ሰው የሌባ ተባባሪ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለፎቶና ለቲኬት የሚሟገተው ሰብሳቢ ከነዚህ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ነው የሚያናድደው።

ሁለተኛዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀለቁት «የ1969 አምስት ሳንቲም ካላችሁ ሚሊዮን ብር እንገዛለን» ባዮች ናቸው። በየመንደሩ እናቶች መቀነታቸውን ፈትተው፣ ወጣቶች ሥራቸውን ትተው ሳንቲም ሲፈትሹ ይውላሉ። የ1969 ሳንቲም በብዙ ሚሊዮን ተመትቶ በገበያ ሲዞር የኖረ ነው፤ የሚሊዮን ብር ዋጋ ሊያወጣ የሚችልበት አንዳች ምክንያት የለም። ጠገራ ብሩም እንዲሁ። ማርያ ትሬዛ ላይ 1780 የሚለው የፈረንጅ ዓመት የሠፈረው፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ምዕት ዓመት በላይ በብዙ አገሮች ሲመታ 1780 እያለ ነው የተመታው። «የ240 ዓመት ብር» ተብሎ የሚሸጠው ከሻጩ አያት በዕድሜ የሚያንስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሰብሳቢዎች አይደሉም፣ የሎተሪ አዟሪዎች ናቸው። ጉዳታቸው ግን ማታለሉ ላይ አያበቃም። ሰው ሁሉ አሮጌ ነገርን በገንዘብ ብቻ እንዲያይ አስተምረዋል። ሚሊዮን ካላወጣ ይጣላል። የአባት ደብዳቤ ደግሞ ሚሊዮን አያወጣም።

ሦስተኛዎቹ በጣም ቅኖቹ ናቸው፤ ለዚህም ነው ወቀሳው የሚከብደው። ዕድሜ ልካቸውን ሰብስበው ለማንም የማያሳዩ። የትኛው ዕቃ ከማን ቤት እንደመጣ፣ መቼ እንደተገዛ፣ ሻጩ ምን እንዳለ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር የለም። አንድ ሜዳሊያ ያለ ታሪኩ ብረት ነው። የኮሪያ ዘማች ኒሻን መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የየትኛው ዘማች፣ ከየትኛው ቃኘው ሻለቃ፣ ልጁ ለምን ሸጠው? ይህን የሚያውቀው ሰብሳቢ አንድ ቀን ይሞታል። ከዚያ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ክፍሉን ያዩታል፣ ይተነፍሳሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ሰላሳ ዓመት ከምናለሽ ተራ ሲወጣ የኖረው ዕቃ በአንድ ቀን ወደ ምናለሽ ተራ ይመለሳል።

መንግሥትስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንድ ግለሰብ ቅርስ በባለቤትነት መያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ማስመዝገብ፣ መንከባከብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት አይችልም። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ በሰብሳቢው ጆሮ «አስመዝግብ» የሚለው ቃል «አስረክብ» ተብሎ መሰማቱ ነው። ቤት የተወረሰበት፣ መሬት የተወረሰበት፣ ኖት በተለወጠ ቁጥር «ከየት አመጣኸው?» የተባለ ትውልድ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ለባለሥልጣን እንዲያሳይ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ይደብቃል። የደበቀውን ማንም ስለማያውቀው፣ ሲጠፋም ማንም አያውቅም። ቦሌ ላይ አንድ ቱሪስት አሮጌ መስቀል ይዞ እንዳይወጣ ሻንጣ ይፈተሻል፤ ይፈተሽ። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ፋይል የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ሲገኝ የሚጠይቅ ፈታሽ የለም። በጉልህ ማኅተም የታተመበት ደብዳቤ ሃምሳ ግራም ኮረሪማ ይዞ ወደ ቤት ያልገባበት የአዲስ አበባ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ ፈጥኗል። በ2016 የፒያሳ ቤቶች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። የመንገድና የኮሪደር ሥራው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ በቂ ሰው እየተከራከረበትም ነው። ማንም ያልተከራከረበት ግን በሮቹ፣ የሱቅ ታፔላዎቹ፣ የፎቶ ቤቶቹ ኔጋቲቭ፣ የልብስ ሰፊዎቹ የትእዛዝ ደብተር፣ የቡና ቤቶቹ ወንበር የት ደረሱ የሚለው ነው። ሕንፃው ሲፈርስ ካሜራ ሁሉ ወደ ሕንፃው ነበር። በጋሪ የወጣውን ያየ የለም። ያን ሳምንት አንድ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ መኪናና አንድ መዝገብ ቢመደብ ኖሮ፣ ለከተማዋ ሙዚየም የሚሆን ዕቃ በነጻ ይሰበሰብ ነበር። አልተመደበም። ጥቂት ሰብሳቢዎች ግን በግል ሄደው ከፍርስራሽ መሀል ታፔላ ተሸክመው ወጥተዋል፤ በጥበቃ እየተባረሩ።

ከዚህ በኋላ «ምን ይደረግ?» ለሚል፣ ትልልቁን ለባለሥልጣናት መተው ይቻላል። ቤተ መዛግብቱና የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከግለሰብ ስጦታ የሚቀበሉበትን በር ሰፋ አድርገው ቢከፍቱ፣ «ከየት አመጣኸው?» የሚለውን ጥያቄ «ምን ታውቅበታለህ?» በሚለው ቢለውጡት፣ ሰብሳቢው ዕቃውን ሳይሰጥ ፎቶው ብቻ እንዲነሣና እንዲመዘገብ ቢፈቅዱ ብዙ ሣጥን ይከፈታል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋሙ ሙዚየም ራሱ በ1950ዎቹ የተገነባው በጥቂት ሰዎች የመሰብሰብ ፍቅር ነው። እነዚያ ሰዎች ገበያ ሄደው የሸክላ ጀበና፣ መስቀልና ሥዕል ሲገዙ ያኔም ተስቆባቸው ይሆናል።

ትንሹ ግን ባለሥልጣን አይጠብቅም። እርሳስ ይበቃል። እስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ወረቀቱን አልፎ ስለሚያበላሽ፤ ለስላሳ እርሳስ። እናት ወይም አያት በሕይወት እያለች አልበሙ ይወጣል፣ ፎቶው ይገለበጣል፣ «ይሄ ማነው? የት ነው? መቼ ነው?» ተብሎ የመለሰችው በጀርባው ይጻፋል። ባታውቅ «አላውቅም አለች» ተብሎ ይጻፋል። ፎቶ ከፕላስቲክ ልባጡ ይውጣ፣ ይጣበቃልና። ደብዳቤ ከላስቲኩ ይፈታ፣ ላስቲክ ሲደርቅ ወረቀት ይቆርጣልና። ይህን ለመሥራት ቤተሰቡ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ፣ በየሰፈሩ የሚታወቅ አንድ «ሥራ ፈት» አለ፤ ካርቶኗ ወደ ቆራሌው ከመሄዷ በፊት ለእሱ ይደወልለት። ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ማታ።